በ17 ዓመቴ የገባሁት ቃል እስከ መቼ ይከተለኛል?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ። ማንነቷን የሚያሳውቁ ነገሮችንም አውጥቻለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የ28 ዓመት ሴት ነኝ። ጅማ ኮቺ ነው የምኖረው፣ መርካቶ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። በ17 ዓመቴ፣ 11ኛ ክፍል ጨርሼ ክረምት ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ጋር ላንጋኖ ካምፕ ሄድኩ። እንደዚያ ሳምንት ደስ ብሎኝ አያውቅም። በመጨረሻው ማታ እሳት ተነደደ። እየዘመርን፣ ሁሉም እያለቀሰ፣ ሙሉ ሕይወቱን ለጌታ የሚሰጥ ይቁም ተባለ። ቆምኩ። ወረቀት ሰጡን። ትምህርቴን ትቼ ደቡብ ኦሞ ሄጄ ወንጌል አገለግላለሁ ብዬ ጻፍኩና እሳቱ ውስጥ ጣልኩት። ቤት እንደገባሁ ለአባቴ ነገርኩት። እሱ ግን እኔ በዚህ አልስማማም፣ መጀመሪያ ትምህርትሽን ጨርሺ አለኝ። ተማርኩ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ በፋርማሲ ተመረቅኩ። አባቴ ከአራት ዓመት በፊት ዐረፈ። አሁን እናቴንና ታናሽ ወንድሜን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ክረምት በገባ ቁጥር ግን ሆዴ ይረበሻል። ጌታን የዋሸሁት ይመስለኛል። ነገር ሲበላሽብኝ ቃልሽን ስላልጠበቅሽ ነው ይለኛል ውስጤ። አንድ ጥሩ ሰው ለትዳር ጠይቆኛል፣ መልስ መስጠት አቃተኝ። በዚህ ላይ የ16 ዓመቱ ወንድሜ በሐምሌ እዚያው ካምፕ ልሂድ ብሎ ፎርም አምጥቶልኛል፣ አስም አለበት። ልፈርም ወይስ ልከልክለው? ያ ካምፕ ራሱ ጠቀመኝ ወይስ ጎዳኝ? እኔ ራሴ አላውቅም።»

እህቴ፣ የጠየቅሽኝ ብዙ ነው፣ ግን ሁሉም በአንድ ማታ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ ከዚያ ማታ ልጀምር።

እኔ እዚያ አልነበርኩም። እንዲህ ያለ ማታ እንዴት እንደሚሆን ግን ካምፕ ያገለገለ ሁሉ ያውቀዋል። ልጆቹ ለቀናት ከቤት ርቀዋል። ስልካቸው ተሰብስቧል። እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ወሬና ሳቅ ነው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ደግሞ ለጥሞና ተነሡ ተብሎ ፊሽካ ይነፋል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት ይላሉ የእንቅልፍ ሐኪሞች፤ ካምፕ ላይ ግን ግማሹን ያገኘ ዕድለኛ ነው። ከዚያ የመጨረሻው ማታ ይመጣል። ነገ መለያየት ነው። ሰባኪው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ኪቦርዱ ከሥር ቀስ እያለ ይሄዳል፣ አጠገብሽ ያለችው ጓደኛሽ ታለቅሳለች፣ አንቺም ታለቅሻለሽ። ያኔ «ይቁም» ሲባል ከመቆም ይልቅ ተቀምጦ መቅረት ነው የሚከብደው።

ይሄን ስል ማጭበርበር ነው ማለቴ አይደለም። ሰው ተሰብስቦ አብሮ ሲዘምር ለብቻው የማያገኘው ትልቅ ስሜት ውስጥ እንደሚገባ ኤሚል ዱርካይም የሚባል ፈረንሳዊ የማኅበረሰብ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1912 ጽፏል። ለእኛ ግን ዱርካይም አያስፈልገንም። ደመራ ላይ የቆመ፣ ጥምቀት ላይ ታቦት ያጀበ፣ ዒድ ላይ ከሺዎች ጋር አብሮ የሰገደ የጅማ ሰው ሁሉ ይሄን ያውቀዋል። ስሜቱ እውነተኛ ነው፣ እግዚአብሔር በስሜት ውስጥ አይሠራም የሚለኝ ሰው ቢመጣም አልስማማም። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው። እንቅልፍ ባጣች፣ እንባዋ ባልደረቀ የ17 ዓመት ልጅ እጅ ላይ ወረቀት ተሰጥቷት የዕድሜ ልክ ውሳኔ እንድትጽፍ ሲደረግ፣ ከዚያም ማንም ተከታትሎ «ያን ነገር እንዴት አደረግሽው?» ብሎ ሳይጠይቃት 11 ዓመት ሲያልፍ። ደብዳቤሽ ውስጥ እኮ ከካምፑ መሪዎች አንድም ሰው ከዚያ በኋላ ደወለልኝ የሚል መስመር የለም። ፈልጌ አጣሁት።

አሁን ወደ ቃሉ። መጽሐፍ ቅዱስ የምታነቢ ሰው ነሽና እዚያው እንግባ። የምትፈሪው ጥቅስ መክብብ 5 ላይ ያለው ይመስለኛል፤ ስእለት ተስሎ ካለመፈጸም ባይሳሉ ይሻላል የሚለው። እሱን የካምፕ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ዘኍልቍ 30ን የሚከፍት ግን ጥቂት ነው። እዚያ የተጻፈው እንዲህ ነው፦ አንዲት ልጅ በአባቷ ቤት ሳለች ስእለት ብትሳል፣ አባቷም ሰምቶ ዝም ቢላት ስእለቷ ይጸናል። በሰማበት ቀን ከከለከላት ግን አይጸናም፣ አባቷ ከልክሏታልና እግዚአብሔርም ይቅር ይላታል። እስኪ የራስሽን ደብዳቤ መልሰሽ አንብቢው። እንደተመለስሽ ነገርሽው። አልስማማም አለሽ።

አንድ ነገር ይታወቅልኝ። ይሄን የጠቀስኩት ሴት ልጅ ያለ አባቷ ፈቃድ ቃል የላትም ለማለት አይደለም። ሕጉ ለሌላ ዘመን፣ ለሌላ ሕዝብ የተጻፈ ነው። እኔን የገረመኝ ስእለትን ያን ያህል አክብዶ የያዘው ሕግ ራሱ ለልጅ ስእለት መውጫ በር መተዉ ነው። ዘሌዋውያን 27 ላይ ደግሞ ሰው ራሱን ወይም ቤተሰቡን ለእግዚአብሔር ቢሳል በብር ተገምቶ መዋጀት ይችል ነበር፣ የተባለውን መክፈል የማይችል ድሃ ከሆነም ካህኑ እንደ አቅሙ ይገምትለት ነበር ይላል። እንደ አቅሙ! አንቺ ግን ለራስሽ ይሄን ያህል እንኳ አላዘንሽም።

እንዲህ ያለ ቃል የጀመርሽውም አንቺ አይደለሽም። እ.ኤ.አ. በ1886 ክረምት ላይ አሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ማውንት ሄርሞን በሚባል ቦታ፣ ድዋይት ሙዲ የሚባለው ታዋቂ ወንጌላዊ 250 ያህል የኮሌጅ ተማሪዎችን ለአንድ ወር ገደማ ሰብስቦ ነበር። ሲለያዩ 100ው ወደ ውጭ አገር ሚስዮናዊ ሆነን እንሄዳለን ብለው ፈርመው ነበር። ከዚያ ትልቅ የተማሪዎች ንቅናቄ ተወለደ፣ በቀጣዮቹ አሥርት ዓመታትም ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በእርግጥ ሄዱ። የፈረሙት ግን ከሄዱት ብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። ከቀሩት ብዙዎቹ በየሙያቸው ኖሩ፣ ለሚሄዱት ገንዘብ አዋጡ፣ ጸለዩ። ደግሞ የሚፈርሙበት ወረቀት ላይ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» የሚል ነበረበት። የአንቺ ወረቀት ላይ ይሄ ነበረ ወይ? አይመስለኝም። እነዚያ ትልልቅ ተማሪዎች ለራሳቸው የተዉትን ቦታ ለአንቺ ማንም አልተወልሽም።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ደግሞ የምወደው ታሪክ አለ። በ1920 ዓ.ም. በዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚመራ የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን ቡድን በበቅሎ ከአዲስ አበባ ሲነሣ መድረሻዬ ብሎ የወጣው የት ነበር መሰለሽ? ጅማ! እኛ ጋ ሊመጡ ነበር። አልደረሱም። መንገድ ላይ ነገሩ ተለወጠና ሥራቸውን በሆሳዕና፣ በወላይታና በሲዳማ ጀመሩ። ዛሬ ቃለ ሕይወት የምንላት ቤተ ክርስቲያን ከዚያ ሥራ ወጣች። ጅማ እንሄዳለን ብላችሁ ቀራችሁ ብሎ የሚወቅሳቸው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፣ ከተማችን ውስጥም ቢሆን።

እና ምን ታድርጊ? «ፋርማሲሽም እኮ አገልግሎት ነው» ብዬ አላባብልሽም። ያንን ከብዙ ሰው ሰምተሽዋል፣ ደግሞም አላሳረፈሽም። ከዚያ ይልቅ ይሄን ጥያቄ ለራስሽ መልሺ፦ ያን ማታ ባትቆሚ ኖሮ፣ ምንም ቃል ባትገቢ ኖሮ፣ ዛሬ የ28 ዓመቷ አንቺ ደቡብ ኦሞ ሄደሽ መሥራት ትፈልጊያለሽ? ዝም ብለሽ አዎ ወይ አይ አትበይ፣ ትንሽ ሰንብቺበት። አዎ ከሆነ መልሱ፣ መንገድ አለው። ፋርማሲስት እዚያም ያስፈልጋል። ወንድምሽ 12ኛ ክፍል እስኪጨርስ ጠብቂ፣ በዓመት ፈቃድሽ ሄደሽ እዪው፣ ከሚሠሩት ጋር ተነጋገሪ። እንዲህ ያለ ውሳኔ ቀን ላይ፣ ሆድ ሳይባባ፣ ደመወዝና የእናትን መድኃኒት አስልቶ ነው የሚወሰነው። አይ ከሆነ ደግሞ ወደምታምኚው መጋቢ ወይም ሽማግሌ ሂጂና ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብለሽ ተናገሪ። ምን ጽፈሽ እንደጣልሽ፣ አባትሽ ምን እንዳለሽ፣ ምን እንደምትፈሪ። ከዚያ አብረውሽ ይጸልዩና ይዝጉልሽ። ምስክር ፊት የተገባ ቃል ምስክር ፊት ቢዘጋ ነው የሚያሳርፈው። ለብቻሽ በልብሽ ብትዘጊው በሚቀጥለው ሐምሌ ተመልሶ ይከፈታል።

የምትነግሪው ሰው «አይ፣ እዳ አለብሽ፣ ካልሄድሽ መቅሠፍት አለ» ካለሽ ሌላ ሰው ፈልጊ። ይሄን በግልጽ ነው የምልሽ።

መቅሠፍት ካልን አይቀር፣ አንድ ዓረፍተ ነገርሽ አሳስቦኛል። ነገር ሲበላሽብሽ ቃልሽን ስላልጠበቅሽ ነው የሚልሽ ድምፅ። አባትሽ የሞተ ጊዜም እንዲህ ብሎሽ ይሆን? ደብዳቤው ላይ አልጻፍሽውም፣ ግን ጠረጠርኩ። ብሎሽ ከሆነ፣ ይሄን ለብቻሽ ይዘሽ መዞርሽ በጣም ከባድ ነው። ሰው ይሞታል፣ ፈሳሽ ይደፋል፣ ባጃጅ ይጋጫል፣ ከአንቺ ወረቀት ጋር አይገናኝም። ሐሳቡ ዓመት አንዴ መጥቶ የሚሄድ ከሆነ እሺ። እንቅልፍ የሚነሳሽ፣ ደጋግሞ እየመጣ ንስሐ ግቢ ንስሐ ግቢ የሚልሽ፣ ገብተሽም የማይለቅሽ ከሆነ ግን ይሄ የጭንቀት ሕመም ዓይነት ሊሆን ይችላልና ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሥነ አእምሮ ክፍል አለ። የጤና ባለሙያ ነሽ፣ ያንን በር ማንኳኳት አያሳፍርም።

ጠቀመኝ ወይስ ጎዳኝ ላልሽው፣ ሁለቱም ይመስለኛል። ስለ ጉዳቱ አውርተናል፣ ስለ ጥቅሙ ግን አንቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የጻፍሽው፤ እንደዚያ ሳምንት ደስ ብሎኝ አያውቅም ብለሽ አለፍሽው። እኔ ግን እሱ ላይ ቆምኩ። የ17 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት ወጥታ፣ ከማታውቃቸው ልጆች ጋር ፍራሽ ተጋርታ፣ ሳህን አጥባ፣ በተራዋ ጸሎት መርታ፣ አስተማሪም ዘመድም ያልሆነ አዋቂ ሰው ቁጭ ብሎ «አንቺ ምን ታስቢያለሽ?» ብሎ ጠይቋት ያሳለፈችው ሳምንት ነው። አሁን ደንበኛ ሲቆጣ ሳትደነግጪ የምትመልሺው፣ አባትሽ ሲያርፍ ቤቱን ተረክበሽ የቆምሽው፣ ከዚያ ሳምንት ምንም የወሰድሽው የለም? እስኪ ከዚያ ካምፕ እስከ ዛሬ የምትደዋወያቸውን ሰዎች ስም ጻፊ። ወረቀቱ ባዶ ይቀራል ብዬ አላስብም።

እንዲህ ያለ ሳምንት ዕድሜ ልክ የሚቆይ ነገር እንደሚተክል አገራችን ትልቅ ምሳሌ አላት፣ የጴንጤዎች ብቻም አይደለም። ከላንጋኖ ብዙ የማይርቀው ዝዋይ ላይ አቡነ ጎርጎርዮስ በደርግ ዘመን በየክረምቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ገዳሙ ውስጥ ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ለሰፈራ ቤት ሥሩ ተብለው ወደ ፓዌና ጋምቤላ የዘመቱት ተማሪዎች መካከልም አብረው መጸለይ የጀመሩ ነበሩ። በ1983 ደርግ ሊወድቅ ሲል ደግሞ ተማሪው ለወታደራዊ ሥልጠና ብላቴ ተላከ፣ እዚያም ጸሎቱ ቀጠለ። ከእነዚህ ሁሉ ነው ግንቦት 2 ቀን 1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን የተመሠረተው። ብላቴ እኮ የጦር ካምፕ ነበር፣ ማንም ለመንፈሳዊ ሕይወት ብሎ አላዘጋጀውም! የቆየው እዚያ የነበሩት ልጆች ከተመለሱም በኋላ መገናኘት ስላላቆሙ ነው። የሚጠብቃቸው ጉባኤ፣ የሚጠይቋቸው አባቶች ነበሩ።

የእኛ የካምፕ ልጆች ግን ምን አላቸው? የቴሌግራም ግሩፕ። ነሐሴ ላይ በቀን መቶ መልእክት ይገባበታል፣ ፎቶው፣ መዝሙሩ፣ «ናፍቃችሁኛል»ው። መስከረም ላይ ትምህርት ይከፈታል። ጥቅምት ላይ፣ ከተማው ስለ ቡና ዋጋ ማውራት ሲጀምር፣ ግሩፑ ውስጥ የቀረው የልደት ምኞትና ብር ላኩልኝ የሚል የተጠለፈ አካውንት ነው። ልጁ ደግሞ ቀዘቀዝኩ፣ ወደ ኋላ አልኩ ብሎ ራሱን ይወቅሳል። የቀዘቀዘው እሱ ብቻ ሳይሆን አብሮት የነበረው ሁሉ መሆኑን የሚነግረው የለም።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2002 እና 2003 ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ከ3 ሺህ በላይ ታዳጊዎችን ስለ እምነታቸው ጠይቆ፣ ከዚያም እስኪያድጉ የተከታተለ ትልቅ ጥናት ነበር። መሪው ክርስቲያን ስሚዝ የሚባል የማኅበረሰብ ተመራማሪ ነው። በልጆች እምነት ላይ ከምንም በላይ ለውጥ የሚያመጣው ሆኖ የተገኘው ወላጆቻቸው ቤት ውስጥ የሚኖሩት እምነት ነው። ካምፕም ጉባኤም ይረዳል፣ ግን ቤቱን አይተካም። በወንድምሽ ጉዳይ ቤቱ ደግሞ አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ፈርሚለት። አዎ፣ ይሂድ። አንቺ ላይ በደረሰው ምክንያት እሱን ብትከለክይው፣ እሱ የሚያስታውሰው እህቴ ከጓደኞቼ ለየችኝ የሚለውን ብቻ ነው። ግን ከመፈረምሽ በፊት አዘጋጆቹን ጠይቂ። ስልክ ደውለሽ ሳይሆን ሄደሽ፣ ፊት ለፊት። ስንት ልጅ ነው፣ ስንት አዋቂ ነው የሚሄደው? ወንዶቹና ሴቶቹ የት ነው የሚያድሩት፣ ማታ ማነው የሚጠብቃቸው? አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው በር ዘግቶ እንዳይቀመጥ ደንብ አላቸው? ልጁ ቤት መደወል ቢፈልግ ይፈቀድለታል? ከጅማ አዲስ አበባ ብቻ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚያ እስከ ላንጋኖ ሌላ 200፤ አውቶቡሱ ሌሊት ይነዳል ወይስ አድሮ ይሄዳል? ሐይቁ ዳር ዋና የሚችል ጠባቂ አለ? ላንጋኖ ቢልሃርዚያ የለበትም ተብሎ ሁሉም ዘሎ ይገባል፣ የኛ የጅማ ልጅ ግን አብዛኛው ዋና አያውቅም። ጥያቄ ስታበዢ ፊታቸውን ካጨማደዱብሽ እሱም መልስ ነው። በደንብ የሚሠሩት ደስ ብሏቸው ነው የሚመልሱት፣ እንዲህ ያሉ አሉ ደግሞ።

አስሙን በተመለከተ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ፣ የምነግርሽ ነገር የለም። አንድ ነገር ብቻ፦ ፓፉን ሁለት አድርጊለት፣ አንዱ በኪሱ፣ አንዱ በቡድን መሪው እጅ። የካምፕ እሳት ጭስ አለው፣ ሌሊቱም ይበርዳል። «ተጸልዮልሃል፣ ተፈውሰሃል፣ መድኃኒቱን ተው» የሚል ሰው ቢመጣ ምን እንደሚመልስ ከአሁኑ ተነጋገሩ። ይጸልዩለት፣ ደስ ይበለው፣ መድኃኒቱን ግን የሚያስቆመው የሚያክመው ሐኪም ብቻ ነው። ይሄን ፎርሙ ላይ በእጅሽ ጻፊው።

ከሁሉም በላይ ግን ታሪክሽን ንገሪው። ደብዳቤ ላይ ለእኔ እንደጻፍሽው ሳታስፈራሪው። በመጨረሻው ማታ ቁሙ ቢባል መቆም እንደሚችል፣ ቢቀመጥም ከእምነት እንዳልወጣ ንገሪው። ወረቀት ከተሰጠው ደግሞ ጽፎ ኪሱ ውስጥ ይክተተው፣ እሳት ውስጥ አይጣለው፣ ቤት አምጥቶ አብራችሁ አንብቡት። ከምክሮቼ ሁሉ አጥብቄ የያዝኩት ይሄን ነው። የተጻፈ ነገር እጅ ላይ ካለ ከሳምንት በኋላ ይነበባል፣ ይታረማል፣ «ቆይ፣ ይሄ ምን ማለቴ ነበር?» ይባላል። አንቺ ይሄ ዕድል አልነበረሽም።

ሲመለስ መጀመሪያ ይተኛ። ኤልያስ ከቀርሜሎስ እሳት በኋላ ሞትን ለምኖ ከክትክታው ሥር ሲወድቅ መልአኩ ያመጣለት ስብከት አልነበረም፤ እንጎቻና ውኃ ነው ያመጣለት፣ በላና መልሶ ተኛ። ወንድምሽም ሽሮውን ይብላና ይተኛ። ከዚያ ያወራል፣ ብዙ ያወራል፣ አድምጪው። አትሳቂበት፣ «ይሄ የካምፕ ሙድ ነው፣ ያልፋል» አትበይው። እሑድ ደግሞ መድረክ ላይ ወጥቶ እንዲመሰክር አትግፊው፣ ሌላ ሰው ሲገፋውም ተይው በይልኝ። ሕዝብ ፊት የተናገረው ነገር በኋላ ማምለጫ ያሳጣዋል።

ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ጴጥሮስ ሦስት ዳስ እንሥራ፣ እዚሁ እንቅር ያለበት ቀን። ከተራራው ሲወርዱ የጠበቃቸው የታመመ ልጅና ግራ የገባው አባት ነበር። ወንድምሽ ከካምፕ ሲወርድ የሚጠብቀው ደግሞ ግቢያችሁ ነው። ጅማ ግቢ ታውቂዋለሽ፤ አንዱ በር ሙስሊም፣ አንዱ ኦርቶዶክስ፣ አንዱ ጴንጤ፣ ቡናው የጋራ። ከካምፕ የተመለሰ ልጅ መጀመሪያ የሚያስቀይመው ጎረቤት ነው፣ ደጋግሜ አይቻለሁ። የጎረቤት እናት «በማርያም» ሲሉ ይከራከራል፣ የልጅነት ጓደኛውን አብዲን በሦስት ቀን ውስጥ ሊያሳምነው ይነሳል። ቀድመሽ ንገሪው። እምነትህን ለማንም አትደብቅ፣ ግን እማማ ላይ ድምፅ አታንሣ፣ ቡና ሲጠሩህ ሂድ፣ የአብዲ እናት ሲታመሙ ውኃ ቅዳላቸው በይው። መስከረም ሲመጣ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቀኑን እሱ ይምረጥ፣ አንድ ምዕራፍ አብራችሁ አንብቡ። ካምፑን አብሮት ከሄደ ልጅ አንዱን ይጥራ። የቡድን መሪው ቢያንስ እስከ ገና ድረስ በየጊዜው እንዲደውልለት አሁኑኑ፣ ፎርሙን ስታስረክቢ፣ ቃል አስገቢው። ቃል ማስገባት ይወዱ የለ፣ እስኪ እነሱም ይግቡ።

የቀረው የጠየቀሽ ሰው ነው። ጥሩ ሰው ነው ብለሻል፣ ምን እንደሚሠራና የት እንደተዋወቃችሁ አልነገርሽኝም፣ ስለዚህ እሺ በይ ወይም እምቢ በይ የምልበት ነገር የለኝም። ግን ለምን እንደዘገየሽ አያውቅም አይደል? እሱ ምናልባት አልወደደችኝም ብሎ እያሰበ ነው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ንገሪው፣ ስለ ላንጋኖውም፣ ስለ ወረቀቱም፣ ስለ አባትሽም። ቢስቅብሽ አወቅሽው። «ታዲያ ደቡብ ኦሞ እንሂዳ» ብሎ ቢዘል እሱም ትንሽ ያሳስበኛል። «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ከጠየቀሽ ግን ጊዜ ስጪው፣ ለራስሽም ጊዜ ውሰጂ።

መጋቢው ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ። እኔ ካልኩት ጋር ባይስማማም ግድ የለም፣ ማወቅ እፈልጋለሁ።